የዲንቄ ተራ፦ ከሰበታ ቡራዩ፣ ከቡራዩ ሱሉልታ

ከሁሉ በፊት በደሉ ይጻፍልኝ። በሚካኤል ማኅበራችን ጽዋው በየወሩ ከቤት ቤት ይዞራል። ተረኛው ጠላውንና ዳቦውን ያዘጋጃል፣ ቄሱ ይጸልያሉ፣ ተበልቶ ተጠጥቶ ሲያበቃ ጽዋው ለቀጣዩ ተረኛ ይሰጣል። የኅዳር ሚካኤል ተራ የዲንቄ ነበር። በጥቅምቱ ማኅበር መጨረሻ ግን፣ እጇን ዘርግታ ቆማ ሳለ፣ ጽዋው በፊቷ አልፎ ለሙሴው ለለማ ተሰጠ። ሙሴ የምንለው የማኅበሩን አለቃ ነው። ለምን ብዬ ጠየቅሁ። "አዝነንላት ነው" አሉኝ።

ዲንቄ ባሏ ከሞተ ወዲህ በአንድ ፋብሪካ በር ላይ ቆሎ ትሸጣለች። የምትኖረው ከእኔ ቤት ጀርባ በተከራየቻት አንድ ክፍል ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደጇን ዘግታ ትውላለች። ሳንኳኳ "ደህና ነኝ አዮ" ትለኛለች፣ አትከፍትልኝም። አዮ በኦሮምኛ እናት ማለት ነው። ከማኅበሩ ልትወጣ ነው ብዬ ፈራሁ። እኔ ከአራተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም፤ ተራ ምን ማለት እንደሆነ ግን አውቃለሁ። ስለዚህ ለበዓሉ ሳምንት ሲቀረው፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ነጠላዬን ለብሼ ወጣሁ። መጀመሪያ ቡራዩ፣ ለማ ቤት። እሱ እምቢ ካለ ሱሉልታ፣ የማኅበሩ የነፍስ አባት ዘንድ።

ከሰበታ ቡራዩ

ሚኒባሱ ሰበታ ላይ ሞልቶ ተነሳ። አለም ገና ስንደርስ ከጅማ መንገድ የሚመጡት የጭነት መኪኖች አስፋልቱን ዘግተውት ቆመን ቀረን። አጠገቤ ከተጂ የመጣ ገበሬ ትንሽ የጤፍ ከረጢት እግሩ ሥር አድርጎ ተቀምጧል። ረዳቱ ለከረጢቱ የሌላ ሰው ሂሳብ አስከፈለው። ከረጢቱ መቀመጫ አልያዘ፣ ሰው አላጣበበ። በሩ ላይ ደግሞ የቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል ተለጥፏል። እሱን እያሳየሁት፣ በዚህ ፊት እንዲህ ይደረጋል ወይ አልኩት።

"ማዘር፣ ሥዕሉ የባለመኪናው ነው፤ እኔ ተቀጣሪ ነኝ" አለኝ።

ተሳፋሪው ሳቀ፣ እኔም ሳቄ መጣ። ገንዘቡን ሳላስመልስ የምተወው መስሎት ከሆነ ግን ተሳስቷል፤ አየር ጤና ሳንደርስ መለሰለት። ገበሬው በኦሮምኛ መረቀኝ፣ እኔም በኦሮምኛ አሜን አልኩ።

ከአየር ጤና ሁለት ታክሲ ቀይሬ በአስኮ በኩል ቡራዩ ገባሁ። መንገድ ዳር ሸክላ የሚሸጡ ሴቶች ድስቱንና ጀበናውን በፀሐይ ደርድረዋል። ከእነሱ አልፎ ባለው ዳገት ላይ አዳዲስ ቤቶች ተሠርተዋል፤ የለማ ቤት ከእነሱ አንዱ ነው። ሰበታ ሳለ ጎረቤቴ ነበር። አሁን የብረት በሩ ላይ ባለ ክንፍ መልአክ አሠርቷል።

"አካም ጅርቱ እትዬ ዘነበች" ብሎ ራሱ ከፈተልኝ። እኔም በኦሮምኛ ነጋ፣ ደህና ነኝ ብዬ ገባሁ። ሳሎኑ ሰፊ ነው። ጽዋውን መስታወት ባለው ቡፌ ውስጥ፣ ከብርጭቆዎቹ ጋር አስቀምጦታል። ለሻይ እንኳ ሳልቀመጥ የመጣሁበትን ነገርኩት። ለማ ክፉ ሰው አይደለም። ይጾማል፣ ያስቀድሳል፣ ውዳሴ ማርያም ሲደግም ድምፁ ያምራል። ነገሩ በድምፅ ብልጫ የተወሰነ ነው አለኝና ስልኩን አወጣ። የማኅበሩ የቴሌግራም ግሩፕ አለ፤ እዚያ ላይ ጠይቆ ዝም ያለውን ሁሉ እንደተስማማ ቆጥሮታል። የዲንቄ ስልክ ባለ ቁልፍ ነው፣ ቴሌግራም የለውም፤ የእኔም እንደዚያው።

"ታዲያ እሷን ማን ጠየቃት?" አልኩት።

"እትዬ፣ ኅዳር ሚካኤል እኮ ነው። ከአዲስ አበባ እንግዳ ጠርተናል። ድንኳን አለ፣ ቪዲዮ የሚቀርጽ አለ። እዚያ ቤት ሰው ጫማውን እንኳን የት ያወልቃል?"

"ማኅበሩ ሲጀመር በማን ቤት ነበር? የአባትህ ጎጆ ድንኳን ነበራት?"

አንገቱን ደፋ። ይሁን እንጂ ለአባ ነግሬያቸው ፈቅደዋል፣ እሳቸው ካሉ እመልሳለሁ አለኝ። እንደማልሄድ ተማምኖ ነው። ሚስቱ እስከ በሩ ሸኘችኝ። ትኩስ ዳቦ በፌስታል ይዛ ነበር፤ እጄ ላይ አስጨብጣኝ፣ ቀስ ብላ "አባ ዘንድ ይሂዱ እትዬ" አለችኝ።

ሱሉልታ

ከአዲሱ ገበያ የተሳፈርኩበት መኪና ዳገቱን እያቃሰተ ወጣ። ባሕር ዛፉ አልቆ ሜዳው ሲከፈት ነፋሱ ነጠላዬን ሊነጥቀኝ ደረሰ። ሱሉልታ ሣር የሚታጨድበት ወቅት ስለሆነ ሜዳው ሙሉ ክምር ነው፤ ሽታው መኪና ውስጥ ድረስ ይገባል። ወርጄ አንዲት ሱቅ በር ላይ እርጎ በሃምሳ ብር ጠጣሁ። ውድ ነው፣ ግን ውሃ አልነካውም፤ ስለዚህ አልተከራከርኩም።

አባን ያገኘኋቸው ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ነው። እጅጌያቸውን ሰብስበው የወደቀ አጥር ያቆማሉ። መስቀል ተሳልሜ ሁሉንም ነገርኳቸው። እስኪያልቅ አላቋረጡኝም።

"እኔ የሰማሁት ሌላ ነው" አሉ። "አቅም የለኝም ብላ ራሷ ተወችው ተብዬ ነው እሺ ያልኩት።"

ይሄኔ ደሜ ፈላ። ለሰው መዋሸቱ ሳያንስ ለነፍስ አባቱም ዋሽቷል፣ ከማኅበሩ ይውጣልኝ አልኳቸው። አባ አፈሩን ከእጃቸው አራገፉና በክርስትና ስሜ ጠሩኝ።

"እሱን ካስወጣሁልሽ፣ ወለተ ማርያም፣ በሚቀጥለው ወር ደግሞ የእሱን ተራ ዘለልን ማለት ነው። ያን ጊዜ ማን ከሰበታ ይመጣልኛል?"

አባ ስልካቸውን አውጥተው እዚያው አጥሩ ሥር ደወሉ። የለማ ድምፅ ይሰማኛል።

"ለማ፣ ኅዳር ሚካኤል በዲንቄ ቤት ነው። ጽዋውን ራስህ ይዘህ ና። ሌላውን ነገር ለብቻችን እንነጋገራለን።"

"ድንኳኑስ አባ?" አለ ለማ።

"ድንኳኑን ለባለቤቱ መልስ።"

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ፣ ሰው ይመጣ ይሆን ብዬ ጠየቅኳቸው። እሱን አላውቅም፣ እኔ ግን እመጣለሁ አሉኝ። ከለማ ሚስት ዳቦ ግማሹን ቆርሼ ሰጠኋቸውና ተመለስኩ።

ሰበታ

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ሰፈሬ ገባሁ። ቤቴ ሳልገባ በቀጥታ ዲንቄ በር ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ የማስበው አንድ ነገር ነበር፤ ተራውን አስመልሼ እሷ አልፈልግም ብትለኝስ? የተሰበረ ልብ በስልክ ትእዛዝ አይጠገንም። በሩን ሳንኳኳ ደህና ነኝ አለች። ደህና መሆንሽን አልጠየቅሁም፣ ክፈቺ አልኳት።

ስትከፍት የጌሾ ሽታ ተቀበለኝ። ክፍሏ ውስጥ፣ አልጋዋን ወደ ግድግዳ ገፍታ፣ ሁለት ጋን አቁማለች። አፋቸው በንጹሕ ጨርቅ ታስሯል። ወለሉ ተለቅልቋል። ለሰው መቀመጫ እንዲሆን የቆሎ ከረጢቶቿን በገለባ ሞልታ በግድግዳው ዙሪያ ደርድራለች። ደጇን የዘጋችው ለዚህ ነበር።

ከበሩ ሳልገባ ተራሽ ተመልሷል፣ አባ ይመጣሉ፣ ሌሎቹን ግን አላውቅም አልኳት። ዓይኗ እንባ ሞላ፣ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው።

"ጽዋውን ሳይሰጡሽ ለማን ብለሽ ጠነሰስሽ?" አልኳት።

ጎንበስ ብላ የአንዱን ጋን ማሰሪያ አጠበቀች።

"ማኅበሩ ውስጥ ስገባ የተሳልኩት ለሚካኤል ነው አዮ፣ ለኦቦ ለማ አይደለም። እነሱ ቢቀሩ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ያሉትን እጠራለሁ ብዬ ነበር። አሁን አባ ከመጡ ሁሉም ይመጣሉ፤ ጣሳ አንሶኛል፣ ከእርስዎ ቤት ይኖር ይሆን?"