ያደርሰኛል

በ1958 ዓ.ም. የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበርኩ። የአጎቴ አሮጌ ፒካፕ ታንኩ ተሸንቁሮ ቤንዚን ያንጠባጥባል። አጎቴ የልብስ ሳሙና አድቦልቡሎ ደፈነበትና፣ «ምን ያፈጥሃል አንተ! ደብረ ብርሃን ያደርሰኛል» ብሎኝ ነዳ። ከቤታችን በላይ ያለውን ዳገት ሳይጨርስ መኪናው በእሳት ተያያዘ። ነፋሱ የተቃጠለ ሳሙና ሽታ አመጣብን። ከጎረቤቶቻችን ጋር ሮጠን ብንደርስም አጎቴን ማውጣት አልቻልንም።

ዘንድሮ በምኖርበት ባሕር ማዶ፣ ብሩክሊን ፓርክ፣ ልጄ አሮጌ ፒካፕ ገዝቶ ጋራዣችን ቤንዚን ቤንዚን ሸተተኝ። ጎንበስ ብዬ ባይ ከታንኩ ሥር ጠብ ጠብ ይላል።

«ነገ በዚህ አትሄድም» አልኩት።

«አባዬ፣ ሪላክስ! እስከ ሥራ ያደርሰኛል። ቅዳሜ ፊክስ አደርገዋለሁ» አለኝ።

ድምፁ የአጎቴን ድምፅ መሰለኝ።

በማግስቱ ማለዳ፣ ልጄ ሳይነሳ፣ ወንበር አውጥቼ ከጋራዡ ደጅ፣ ከፒካፑ ኋላ በረዶው ላይ መውጫውን ዘግቼ ተቀመጥኩ።