ስለ ኮኳ፣ ከአሥር ሁለት

ተማሪዎቹ ሚዛን ይሏታል። የሥነ ጽሑፍ አስተማሪ ናት፤ ሃያ ዓመት ስታርም ለዘመድ ግማሽ ነጥብ ያልጨመረች፣ ከተጣላችውም ሰው ያልቀነሰች። ጠረጴዛዬ ከጠረጴዛዋ ፊት ለፊት ስለሆነ አመሏን አውቀዋለሁ። ደግ ሰው ናት፤ ብቻ ቀይ እስክሪብቶ ስትይዝ ደግነቷን መሳቢያ ውስጥ ትቆልፍበታለች።

በእኛ ትምህርት ቤት ፈተና የሚታረመው ስም ተሸፍኖ ነው። ተማሪው ስሙን በወረቀቱ ጥግ ይጽፋል፣ ጥጉ ታጥፎ በሙጫ ይለጠፋል፤ የአምስቱ ክፍል ወረቀት ተደባልቆ ይታደለናል። አርብ ነጥብ እስኪሞላ ድረስ ጥጉን ማንም አይነካም።

ያን ጊዜ የወጣው ጥያቄ በዚህች ግጥም ላይ ነበር፦

ኮኳ ቀላች አሉ፣ ፀሐይ ሞቃ ውላ፤
ትል አብሯት አደገ፣ ውስጧን እየበላ።

የመልስ መመሪያው አጭር ነው። ኮኳ ውበት፣ ትሉ ብልሹነት፤ ላዩ ያማረ ሁሉ ውስጡ ደህና አይደለም። እንዲህ ብሎ የጻፈ አሥር ከአሥር ያገኛል።

ሰኞ ረፋድ ላይ ሚዛን ፈገግ አለችና “ይቺን ስማ” ብላ አነበበችልኝ። “ትሉ ከውጭ አልመጣም፤ እዚያው ቤት ነው ያለው። ኮኳ አትጮህም። ብትጮህም የሚያምናት የለም፤ ትሉን ሰው ሁሉ ይወደዋል። እኔ ቶሎ ወድቄ ብገላገል ይሻለኛል።”

“ትል ደግሞ ማን ይወዳል?” አልኩና ሳቅሁ። አዎ፣ እኔም ሳቅሁ። ሳስበው ዛሬም ያመኛል።

ሚዛን “እኔ” የሚለውን አከበበችና “የተጠየቅከው ስለ ኮኳ እንጂ ስለ ራስህ አይደለም” ብላ ጻፈችበት። ከአሥር ሁለት።

ከምሳ መልስ ያንኑ ወረቀት ከክምሩ ውስጥ መዝዛ፣ እንደ ቆመች ደጋግማ አነበበችው። ፊቷ አመድ መሰለ።

“ይሄ ልጅ እኮ ስለ ኮክ አይደለም የሚያወራው” አለችኝ።

ተያይዘን የፈተና ኃላፊው ቢሮ ገባን። እሱ ጥጉን አየና ራሱን ነቀነቀ። “እስከ አርብ አይከፈትም። ደንቡን ያመጣሽው ራስሽ አይደለሽም እንዴ?”

“ልጁ እስከ አርብ አንድ ነገር ቢሆንስ?” አለችና ጥጉን እዚያው ፊት ለፊቱ ቀደደችው።

የጻፈችው ልጅ የሌላ ክፍል ተማሪ ናት፤ ዝምተኛ፣ ደብተሯ ንጹሕ። ባዶው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አስቀመጥናት። ወረቀቱን ስንሰጣት ነጥቧን አላየችም፤ የተቀደደውን ጥግ ነው ያየችው።

“ቲቸር፣ መልሱን እኮ አውቀዋለሁ” አለች ቀስ ብላ። “ውበትና ብልሹነት ነው። ማን እንደጻፈው አይታወቅም ብዬ ነው።”

ሚዛን ወለሉ ላይ ተንበርክካ ይቅርታ ለመነቻት። ትሉ ማን እንደሆነም ጠየቀቻት።

“አጎቴ። እኛው ጋ ነው የሚኖረው። እማዬ ከሱ በላይ የምታምነው ሰው የላትም።”

“በቃ፣ ዛሬ እዚያ ቤት አታድሪም።”

“እሺ ቲቸር። የት ነው የማድረው?”

ሚዛን ወደ እኔ ዞረች። እኔ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ልጅቷ ቦርሳዋን አንስታ፣ ደረቷ ላይ አቅፋ፣ መልሳችንን ትጠብቅ ጀመር።