ሲያትል ተወልጄ፣ ቡታጅራ አድጌ

ቡታጅራ የሰፈራችን ልጆች «አሜሪካ» ይሉኝ ነበር። አባቴና እናቴ ሲያትል ሲኖሩ ነው የተወለድኩት። ሦስት ዓመት ሲሞላኝ አባቴ ዝናቡም ብርዱም በቃኝ አለና ጓዛችንን ጠቅልለን ተመለስን፤ ቡታጅራ ላይም የግንባታ ዕቃ መሸጫ ከፈተ። ስለ ሲያትል የማስታውሰው ምንም ነገር አልነበረም። ይህን የሚያምነኝ ግን አላገኘሁም። ሰባተኛ ክፍል የገባን ዕለት የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን፣ «አንቺማ ተወልደሽበታል፤ ተነሽና ለክፍሉ አንብቢ» አለኝ። ተነስቼ አነበብኩ። ከዚያ ወዲያ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ዳግመኛ አልጠራኝም።

አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ስንጨርስ ጓደኞቼ ዲቪ ለመሙላት ኢንተርኔት ቤት ሲሰለፉ፣ እኔ መሄድ ብፈልግ የሚያግደኝ እንደሌለ ገባኝ። አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ «ሄጄ ልየው» አልኩ። አባቴ ብዙ አላሰበም። «እዪው። ካልወደድሽው በሩ ክፍት ነው» አለኝና አዲስ አበባ ወስዶ የአሜሪካ ፓስፖርት አወጣልኝ። እናቴ ደግሞ አንድ አደራ ሰጠችኝ። ሲያትል ሳለን ከእኛ በታች ባለው ቤት አንዲት ህንዳዊት ይኖሩ ነበር፤ እናቴ ሥራ ስትሄድ እኔን የሚይዙኝ እሳቸው ነበሩ። «ሚጥሚጣችንን ይወዱት ነበር። በእጃቸው ስጪልኝ» ብላ በላስቲክ ደራርባ የጠቀለለችውን ሻንጣዬ ውስጥ ከተተችው። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ሁለት ሺህ አሥር ገደማ መሆኑ ነው።

ሲያትል ስደርስ ፓስፖርት የሚታይበት ሰልፍ ሁለት ነበር። ከአውሮፕላኑ አብረውኝ የወረዱት አበሾች ወደ ረጅሙ ሲሄዱ እኔም ተከትያቸው ቆምኩ። አንዲት ሠራተኛ እጄ ላይ ያለውን ፓስፖርት አየችና ክንዴን ይዛ ወደ አጭሩ፣ ወደ ዜጎቹ ሰልፍ ወሰደችኝ። ከኋላዬ አንድ ሰውዬ፣ «ምን አጥፍታ ነው?» ሲል ሰማሁ። መስኮቱ ጋ የተቀመጠው መኮንን ፓስፖርቴን አገላብጦ መለሰልኝና ፈገግ ብሎ አንድ ነገር ተናገረ። «ሆም» የምትለዋን ብቻ ያዝኩ። መልስ መስጠት ነበረብኝ፤ አፌ ላይ የመጣልኝ ግን ክፍል ውስጥ በአንድ ድምፅ የምንለው ነው።

«ታንክ ዩ ቲቸር» አልኩት።

ውጪ የምትጠብቀኝ የአባቴ ታናሽ እህት ነበረች። አቅፋ ሳመችኝና ሻንጣዬን እየገፋች ወሬዋን ጀመረች። «ሶ፣ ደክሞሻል አይደል? መኪናዋን ሩቅ ነው ፓርክ ያደረግኳት። በይ ለአባትሽ ኮል አድርጊና መድረስሽን ንገሪው፤ ከዚያ ፒክ አፕ የማደርገው ዕቃ አለ።» እንግሊዝኛው ያስቸግረኛል ብዬ ነበር የመጣሁት። አሁን ደግሞ አማርኛውም ሊያስቸግረኝ ነው ብዬ ሰጋሁ።

አክስቴ የምትኖረው ስካይዌይ የሚባል ሰፈር ነው። ኦቴሎ በሚባለው ሰፈር፣ ባቡር ጣቢያው አጠገብ፣ ሻሽና ቅመም፣ የስልክ ካርድና የሕፃናት ልብስ የምትሸጥበት ጠባብ ሱቅ ነበራት፤ እኔም እዚያ ማገዝ ጀመርኩ። ገበያተኛው በአማርኛም፣ በኦሮምኛም፣ በጉራጌኛም ያወራል። አዛውንቶቹ ሲገቡ ብድግ እላለሁ፣ አንቱ እላለሁ፣ እነሱም ይመርቁኛል። ችግር የመጣው እዚህ መወለዴ የተሰማ ዕለት ነው። በቅርቡ ዲቪ ደርሶት የመጣ አንድ ሰው፣ «አንቺ የዚሁ ልጅ አይደለሽ? እስቲ ወደ መሀል ከተማ የሚሄደውን አውቶብስ አሳዪኝ» አለኝ። አላውቅም ማለት አሳፈረኝና አብሬው ወጣሁ። በልበ ሙሉነት ካሳፈርኩት አውቶብስ ሁለታችንም የወረድነው ሬንተን የምትባል ሌላ ከተማ ላይ ነው።

አክስቴ ልትወስደን መጣች። ሰውየውን ቤቱ ካደረሰች በኋላ ወደ እኔ ዞረች።

«ስሚኝ፣ እኔ ሱቅ ተቀምጠሽ የምታገኚው ቡታጅራን ነው። እንግሊዝኛ ከየት ይመጣልሻል? እሑድ ሊንውድ፣ ህንዳዊቷ ሴትዮ ጋ እወስድሻለሁ። የእናትሽንም አደራ ታደርሻለሽ።»

ህንዳዊቷ ሴትዮ ከሲያትል ወጣ ብላ ወዳለችው ሊንውድ የገቡት ያገባች ልጃቸው አጠገብ ለመሆን ነው። በሩን ሲከፍቱ ግራጫ ሹራብ ለብሰው፣ ነጭ ፀጉራቸውን ወደ ኋላ ጎንጉነው ነበር። እኔን አዩኝ፣ አክስቴን አዩና እንደገና እኔን አዩ። ከዚያ ጉንጬን በሁለት እጃቸው ያዙት። ምን ብዬ እንደምጠራቸው ጭንቅ አለኝ። እንግሊዝኛ ለአዛውንቱም ለሕፃኑም ያለው አንድ «ዩ» ነው፤ እሳቸውን እንደዚያ ማለት ነውር መሰለኝ። እሳቸው ግን ገላገሉኝ። ደረታቸው ላይ እጃቸውን አድርገው፣ «አንቲ» አሉኝ። አክስት ማለት መሆኑን አውቃለሁ። አንቲ አልኳቸው።

ሚጥሚጣውን ስሰጣቸው እዚያው ፈቱት። በጣታቸው ጫፍ ነክተው ቀመሱና ሳል ያዛቸው። አክስቴ ሮጣ ውኃ አመጣች። ውኃውን ጠጥተው ሲያበቁ ጣታቸውን መልሰው ከተቱ።

ከዚያ ፎቶ አወጡ። የእሳቸው ማዕድ ቤት ወለል ላይ አንዲት ሕፃን ድስት እንደ ቆብ ደፍታ ተቀምጣለች። እኔ ነኝ። ሴትዮዋ እየሳቁ ረጅም ነገር ተናገሩ፤ አክስቴም ሳቀችና ተረጎመችልኝ።

«ወሬኛ ነበርሽ ነው የሚሉት። ቀኑን ሙሉ እግር እግራቸው እየሄድሽ ‹ለምን፣ ለምን› ስትዪያቸው ትውዪ ነበር አሉ።»

«በምን ቋንቋ?»

አክስቴ ጠየቀቻቸው። «በእንግሊዝኛ ነዋ! ከእሳቸው ጋር በሌላ በምን ታወሪያለሽ?»

የሰባተኛ ክፍል አስተማሪዬ ለካ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። አንድ ጊዜ የእኔ የነበረ ነገር ሳላውቀው ጠፍቶብኝ ኖሯል። ያሳዝናል የሚባል ነገር ነው፤ እኔ ግን ደስ አለኝ። ያቺ ድስት የደፋች ልጅ ከቻለችው እኔን ምን ያቅተኛል ብዬ አሰብኩ።

ሻይ እየጠጣን ሳለ ጠረጴዛው ላይ ያለው ኮምፒውተር ጮኸ። ወንድ ልጃቸው ነበር፤ የሚደውለው ከሃይደራባድ ነው። እኛ ጋ እሑድ ሲመሽ እሱ ጋ ሰኞ ይነጋል። ልጁ ህንድ ተወልዶ፣ ሳይራመድ ሲያትል መጥቶ፣ እዚሁ ተምሮ አድጓል። ከዓመት በፊት ግን እዚያ ሥራ አገኘና የተወለድኩበት አገር ገብቼ እኖራለሁ አለ። እናቱ መጀመሪያ ተቆጥተው ነበር፤ እኛ ስንት ለፍተን የወጣንበትን እሱ ትኬት ቆርጦ ይመለስበታል ብለው። አሁን ግን እሑድ እስኪደርስ መታገስ አይችሉም፤ ልጁ በየሳምንቱ አዲስ ጉድ ይዞ ይመጣልና።

የዚያን ሳምንት ጉድ አክስቴ እየተረጎመች ሰማሁ። የአገሩ ቋንቋ ቴሉጉ ነው። ልጁ ቴሉጉን የተማረው ከእናቱ ብቻ፣ እሱም ማዕድ ቤት ውስጥ ነው። ቋንቋው እንደ እኛው አንተና አንቱ አለው፤ እናቱ ደግሞ ልጃቸውን አንቱ ብለውት አያውቁም። እናም የመሥሪያ ቤቱ ትልቁ አለቃ ወደ ክፍሉ ሲገቡ ልጁ በአክብሮት ከወንበሩ ተነሳና፣ «ና ተቀመጥ። በልተሃል? እጅህን ታጥበሃል?» አላቸው።

አገሬን ከለቀቅኩ ወዲህ እንደዚያ ስቄ አላውቅም። ልጁ ሳቄን ሰምቶ ማን እንደሆንኩ ጠየቀ። እናቱ ነገሩት፤ እሱ ከተወለደበት ወጥቶ ሲያትል እንዳደገ ሁሉ እኔም ከሲያትል ወጥቼ ሌላ ቦታ እንዳደግኩ። ከእስክሪኑ ወዲያ ትንሽ አሰበና አንድ ነገር አለ። አክስቴ ተረጎመች፤ «ታዲያ ተለዋውጠናል ማለት ነው ይላል።»

ከዚያ እሑድ በኋላ ሊንውድ መሄድ ልማድ ሆነብኝ። እሱ እንግሊዝኛ ያስተምረኛል፣ እኔ ደግሞ ገበያ አስተምረዋለሁ። ሲያትል ያደገ ልጅ የተጠራለትን ዋጋ ከፍሎ ይሄዳልና የባጃጅ ነጂዎቹ ሁሉ ወደውታል። ባጃጅ ደግሞ የቡታጅራ ልጅ ታውቃለች። በተሰባበረ እንግሊዝኛዬና በእጄ እያሳየሁ፣ «ዋጋ ሳትነጋገር አትግባ። ሲነግርህ ሳቅ፣ ከዚያ ዞረህ ሂድ። ወደ ኋላ አትይ፤ ይጠራሃል» አልኩት።

በሳምንቱ ስንገናኝ ፊቱ ተኮሳትሯል። «አልጠራኝም። እስከ ቢሮ በእግሬ ሄድኩ።»

«እንዴት ነው የሄድከው?»

ተነስቶ ክፍሉ ውስጥ ሄዶ አሳየኝ። ባቡር ሊያመልጠው የደረሰ ሰው ነው የሚመስለው። «ቀስ ነው የሚባለው፤ እንዲጠራህ ጊዜ ስጠው እንጂ» አልኩት። እናቱ ሶፋው ላይ ተደፍተው ይስቃሉ።

አንቲ ሥራም አፈላለጉልኝ። ቤታቸው አቅራቢያ አዛውንቶች የሚጦሩበት ቤት ሰው ይፈልጋል ተባልኩና ለኢንተርቪው ገባሁ። የምትጠይቀኝ ሴት ወረቀቴ ላይ የተወለድኩበትን አየችና ፊቷ በራ። «የሲያትል ልጅ ነሽ! እኔም ነኝ። ሃይስኩል የት ተማርሽ?»

«ቡታጅራ።»

ግንባሯን ቋጠር አደረገች። «ቡታጅራ... ሰምቼው አላውቅም። ከኤቨረት ከተማ ወዲያ ነው?»

«አዎ፤ በጣም ወዲያ ነው» አልኳት።

እውነቱን ስነግራት ስቃ ወንበሯን ወደ እኔ አስጠጋች፤ ሥራውንም አገኘሁ። ለእንግሊዝኛዬም ከዚያ የተሻለ ቦታ አልነበረም። አንድ የድሮ መርከበኛ አዛውንት ነበሩ፤ በየቀኑ ቁርስ ላይ ያንኑ የባሕር ላይ ማዕበል ይተርካሉ። ሌሎቹ ሠራተኞች ሰልችቷቸዋል። እኔ ግን መጀመሪያ ቀን መርከቧን ብቻ ያዝኩ፤ ሌላ ቀን ነፋሱን፤ ቆይቶ ደግሞ ምግብ አብሳዩ ከነድስቱ እንዴት እንደተንከባለለ ገባኝና ሳቅኩ። ሰውየው ንግግራቸውን አቁመው አዩኝ፤ ከዚያ ከመጀመሪያው ጀመሩልኝ።

የአንቲ ልጅ እዚያው ሃይደራባድ ቀረ። የእኔም ነገር እንደዚያው ሆነ፤ መመለሻዬን ሳልወስን ሥራው ቀጠለ፣ ማታ ማታ ኮሌጅ ገባሁ፣ ስካይዌይ ውስጥ የራሴን ክፍል ተከራየሁ።

ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ከፍርድ ቤት ጥሪ ደረሰኝ። እዚህ አገር ዜጎች በዕጣ እየተጠሩ፣ በሰው ጉዳይ ላይ ጥፋተኛ ነው አይደለም ብለው ይወስናሉ። እኔም ተራዬ ደርሶ፣ ተመርጬ፣ ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር ተቀምጬ የአንድ መኪና ግጭት ጉዳይ ሰማሁ። ይህን ለእናቴ በስልክ አጫወትኳት። እናቴ ለጎረቤት አወራች። ጎረቤት ለጎረቤት ሲያወራው ነገሩ አደገና፣ ቡታጅራ ላይ ሲያትል ውስጥ ዳኛ ሆኜ ተሾምኩ።

በዚያው ሰሞን የአጎቴ ልጅ ደወለልኝ። ጎረቤቱ አጥሩን ገፍቶ እንደተከለበት ከስር ከመሠረቱ አስረዳኝና፣ «በይ እስቲ፣ አንቺ ምን ትፈርጃለሽ?» አለኝ። ዳኛ አይደለሁም ብዬ ብነግረው አልሰማ አለኝ። ሲቸግረኝ ሁለቱን ወገን ሳልሰማ አልፈርድም አልኩትና ተገላገልኩ ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

በማግስቱ ጎረቤቱን ይዞ ደወለ።