የማዕበል ደሞዝተኛ

የሚስቴ አባት እኔን ለሰው ሲያስተዋውቁ ስሜን የሚጠሩት በመጨረሻ ነበር። አስቀድመው "የመንግሥት ሠራተኛ ነው" ይላሉ፤ ከዚያ ነገሩ ሰውየው ዘንድ እስኪደርስ ትንሽ ይታገሣሉ። እዚህ ሚኒሶታ የምናውቀው ሰው ሁሉ ወይ ሆስፒታል ይሠራል፣ ወይ መኪና ይነዳል፣ ወይ ሱቅ ከፍቷል። መንግሥት መሥሪያ ቤት የገባ ሰው ብርቅ ነው። እሳቸው አገር ቤት ሳሉ የመንግሥት ሥራ ማለት ደሞዙ ቢያንስም እስከ ጡረታ የማይነቃነቅ ወንበር ነበር፤ አሜሪካ መጥተውም ሐሳባቸውን አልለወጡም። እኔም አጠገባቸው ቆሜ አንገቴን ደፋ አድርጌ ፈገግ እላለሁ። የመንግሥት ሠራተኛ ግን ሆኜ አላውቅም።

ነገሩ የተጀመረው ሽማግሌ የላክሁ ጊዜ ነው። ከከተማው ዳር ወዳለችው ኢገን፣ ወደ ልጅቷ ቤተሰብ የሚሄዱት ሦስት ነበሩ። የሽማግሌዎቹ አለቃ እዚህ ከተማ ታክሲ ሲነዱ ያረጁ፣ በቤተ ክርስቲያናችን የተከበሩ ሰው ናቸው። አዲስ የመጣሁ ጊዜ ፍሮግታውን በሚባለው ሰፈር ቤታቸው ውስጥ አንድ ክፍል ሰጥተውኝ እንደ ልጅ ይዘውኛል። ከመሄዳቸው በፊት መኪናቸው ውስጥ አስቀመጡኝ።

"ሥራው ምንድነው ቢሉኝ ምን ልበል?" አሉኝ።

"በባሕር ማዕበል ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ መሣሪያ እንሠራለን ጋሼ። ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ነገር አለ፤ ማዕበሉ ከፍ ዝቅ ሲያደርገው ውስጡ ያለው ጄኔሬተር ይዞራል።"

"ባሕሩ የት ነው?"

"ባሕሩ ገና ነው። አሁን ሚኒያፖሊስ ውስጥ በገንዳ ነው ቴስት የምናደርገው።"

"በገንዳ" አሉ ቀስ ብለው። ሕመም እንዳለብኝ የነገርኳቸው ያህል አዩኝ። "ደሞዝህንስ ማነው የሚከፍልህ?"

"ካምፓኒው። ካምፓኒው ደግሞ ከፌዴራል መንግሥት ግራንት፣ የድጋፍ ገንዘብ አለው።"

ፊታቸው በራ። "እንዲህ አትልም ታዲያ? የመንግሥት ሠራተኛ ነህ።"

"አይደለሁም ጋሼ። ግራንቱ በየደረጃው ነው የሚሰጠው። አንዱ ሲያልቅ እንደገና አፕላይ እናደርጋለን፤ ሊሰጡንም ሊከለክሉንም ይችላሉ።"

"ስማኝ ልጄ። ሽማግሌ ይለምናል እንጂ አያብራራም። ገንዳ ውስጥ ማዕበል ይሠራል ብዬ የሰው ልጅ ልለምንልህ?"

ሳቅሁ። አጥብቄ እምቢ ማለት እችል ነበር፤ አላልኩም። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። ሌላው ሰው "ነርስ ነኝ"፣ "ትራክ እነዳለሁ" ብሎ ወሬውን ይዘጋል። የእኔ ሥራ ግን ተብራርቶ አያልቅም፤ ተብራርቶም የሚሰማው ሰው ከንፈሩን መጥጦ "ጎበዝ" ይለኛል። ያ "ጎበዝ" ያሳፍረኝ ነበር። ሽማግሌው በሁለት ቃል ገላገሉኝ፤ ልጅቷም ተፈቀደችልኝ።

ሥራውን ግን እወደው ነበር፤ ይህንንም ልናገር። ገንዳው ሁለት አውቶቡስ ፊትና ኋላ የሚያቆም ረጅም ነው። በአንደኛው ጫፍ ያለው ሰፊ ሰሌዳ ውሃውን እየገፋ፣ እኛ በኮምፒውተር ባዘዝነው ልክ ማዕበል ያስነሳል። መሐል ላይ የልብስ ቅርጫት የምታህል ቢጫ ተንሳፋፊ ትናጣለች። እሷ በገንዳ ካለፈች ትልቅ እህቷ ትሠራለች፤ ትልቋ ካለፈች ምዕራብ ዳርቻ ወርዳ እውነተኛውን ውቅያኖስ ትቀምሳለች። የመንግሥቱም ገንዘብ በዚያው ቅደም ተከተል ነበር የሚመጣው። ባሕር ጨካኝ ነው፤ ጨው ብረት ይበላል፣ ወጀብ ሰንሰለት ይበጥሳል። ባንክ ለእንዲህ ያለ ነገር አያበድርም፤ ባለሀብትም ትርፉን በዓይኑ ካላየ አይጠጋም። ዛሬ ሁሉም የሚያምናቸው ነፋስና ፀሐይም ሕፃን ሳሉ መንግሥት ነው ያበላቸው። ልጅ ሠርቶ እስኪበላ አንድ ሰው ያበላዋል፤ ነገሩ ይኸው ነው። ይህንን ያህል አሳምሬ ማስረዳት እየቻልኩ፣ ለሚስቴ አባት አንድ ቀን እንኳ አፌን ሞልቼ አልተናገርኩም።

ተንሳፋፊዋ መጀመሪያ አምፖል ያበራች ቀን ሚስቴን ወስጄ አሳየኋት። ጣቷን ውሃው ውስጥ ነክራ ማዕበሉ እስኪደርስባት ጠበቀች። አባቷ "የመንግሥት ሠራተኛ" ሲሉኝ መጀመሪያ አካባቢ ትስቅ ነበር፤ "ንገረው እንጂ፣ አይበላህም" ትለኛለች። እየቆየች መሳቋን ተወች።

ከዚያ ገንዘቡ ቆመ። የሚቀጥለው ደረጃ በጀት እንደማይመጣ አለቃችን ገንዳው አጠገብ ሰብስቦ ነገረን። የሚያጽናና ነገር ፈልጎ አጣ፤ "ሥራችሁ መጥፎ ስለሆነ አይደለም" ብቻ አለ። ዕቃችንን በካርቶን ይዘን ወጣን።

ያኔ የሴት ልጃችን ክርስትና ደርሶ ነበር፤ ግብዣው በአያቷ ቤት በኢገን ተደግሷል።

"ለአባዬ አንተ ራስህ ንገረው" አለችኝ ሚስቴ። "ከሰው እንዳይሰማ።"

"ከክርስትናው በኋላ" አልኳት። የድግስ ቀን ሐዘን አይነገርም ብዬ ለራሴ ጥሩ ምክንያት አገኘሁ። ፈሪ ምክንያት አያጣም።

የክርስትናው ዕለት ቤቱ ሞላ። ከበላን በኋላ ወሬው ከልጅ ወደ ኑሮ፣ ከኑሮ ወደ ታክስ ዞረ። ኤርፖርት ሹፌር የሆነ አንድ እንግዳ ስልኩን ከኪሱ አወጣ።

"ሰምታችኋል? መንግሥት ለባሕር ማዕበል የሚሰጠውን ገንዘብ ሊያቆም ነው አሉ። ከእኔ ታክስ እየቆረጡ ውሃ ላይ ሲረጩት ኖረዋል ለካ።"

የሚስቴ አባት ቀልድ ያውቃሉ። "ማዕበል ደሞዝ አለው እንዴ? እኛ በነፃ ሲናወጥ ነው የምናውቀው" አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "አንተ ውስጥ አዋቂ ነህ። እስቲ ንገረን፣ እውነት ነው?"

ሽማግሌው ጋሼ ከፊት ለፊቴ ተቀምጠው ነበር፤ ዓይናቸውን ሳህናቸው ላይ ተከሉ። ሚስቴ ልጃችንን አቅፋ በሩ አጠገብ ቆማ ታየኛለች።

"እውነት ነው አባባ" አልኩ። "ብዙ ገንዘብ ባከነ።"

እዚህ ላይ ማቆም እችል ነበር። ሰው የሚያስቅ ነገር በእጄ ስላለ ግን አላስቻለኝም። "ደግሞ እኮ ባሕር በሌለበት አገር፣ ገንዳ ውስጥ ነው አሉ ሲሞክሩት የነበረው" ብዬ ጨመርኩ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከሁሉም አስበልጬ የሳቅሁት እኔ ነኝ። ቀና ስል ሚስቴ በሩ ላይ የለችም፤ ልጇን ይዛ መኝታ ቤት ገብታለች። ጴጥሮስ ጌታውን ሲክድ ዶሮ ጮኾበታል፤ የእኛ ዶሮ ወጥ ሆኖ ስለነበር ማንም አልጮኸብኝም። ባለቤቱ ያቀለለውን አሞሌ ባለዕዳ አይቀበለውም ይባላል። እኔ ደግሞ አሞሌዬን ያቀለልኩት ሰው ሳይጠይቀኝ ነው። ፊቴ እንደ ምድጃ ጋለ፤ እንግዶቹ የሳቁ ሙቀት መስሏቸው ይሆናል። አፈርኩ፤ እያፈርኩም መሳቄን አላቋረጥኩም።

ጥቂት ቆይተው የሚስቴ አባት ትከሻዬን ነካ አድርገው "ና እስቲ" አሉኝ። ተከትያቸው ወደ ጋራዡ ወጣሁ። በሩን ከኋላችን ዘጉ። ብርድ ነው፤ የበረዶ አካፋው፣ ተደራርቦ የተቀመጠ የክረምት ጎማና መኪናቸው ብቻ አሉ። ሥራ ማጣቴን የሰማ ሰው ነግሯቸው ይሆን ብዬ ፈራሁ። እሳቸው ግን ወለሉን ነበር የሚያዩት።

"ጉልበቴ እምቢ ብሎኛል" አሉ። "ሆስፒታል ቀኑን ሙሉ በሽተኛ በዊልቸር ስገፋ ነው የምውለው። ባለፈው ሊፍቱ በር ላይ ተንበረከክሁ። በሽተኛው ነው እኔን የሚያነሣ ሰው የጠራልኝ።" ሊስቁ ሞከሩ። "ለልጄ እንዳትነግራት።"

"እሺ አባባ።"

"ሰው ለምኜ አላውቅም፤ ታውቀኛለህ። አንተ ባለህበት መሥሪያ ቤት አለቃህን ብትጠይቅልኝ ብዬ ነው። ጥበቃም ቢሆን ግድ የለኝም። ወንበር ያለው ሥራ ይሁን ብቻ።"

ይህንን ለመናገር ስንት ቀን እንዳሰቡበት ከድምፃቸው ያስታውቃል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጥ ነበር። "እጠይቃለሁ" የሚለው ቃል ከንፈሬ ላይ ደርሶ ነበር፤ ያንን ብል እኚህ ሰው በየሳምንቱ ስልክ ሲጠብቁ፣ ጉልበታቸው ደግሞ ሲከዳቸው ታየኝ።

"አባባ፣ መሥሪያ ቤት የለኝም" አልኩ። "የመንግሥት ሠራተኛ ሆኜ አላውቅም። መንግሥት የሚረዳው ትንሽ ካምፓኒ ውስጥ ነበርኩ። አሁን እርዳታው ቆመ፤ እኔም ሥራ የለኝም።"

"ሽማግሌዎቹ ዋሹኝ?"

"እውነቱን እያወቅሁ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ።"

ጎማዎቹ ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢቆጡ ደስ ባለኝ። "ታዲያ ሥራህ ምን ነበር?" አሉ።

"ማዕበሉ ነው አባባ። ገንዳው።"

ከውስጥ የእንግዶቹ ጨዋታ ይሰማል። እሳቸው ጉልበታቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ።

"ሥራው እንዲያው የማይረባ ነበር?"

"አልነበረም። አምፖል አብርተንበታል። አንድ ቀን ከተማ ያበራ ነበር፤ እኔ አምንበታለሁ።"

አሁን ቀና ብለው ፊቴን አዩ። "እኔ ሳላውቅ ነው የሳቅሁበት" አሉ። "አንተ ምን ሆነህ ሳቅህ?"

ላነሣቸው እጄን ዘረጋሁ። አልያዙትም፤ የመኪናውን ኮፈን ተደግፈው ብቻቸውን ተነሡ።