ጊታር ስሠራ የወጋኝ ሚስማር

መጀመሪያ ያስቸገረኝ ቁርስ ነው። የጎረስኩትን ማኘክ አቃተኝ፤ መንጋጋዬ ከጆሮዬ ሥር ደርቆ አልላቀቅ አለ። ታላቅ ወንድሜ አያ ታከለ አፌን ለመክፈት ሞክሮ ሲያቅተው፣ «ድሮስ መቼ ተናግረሽ ታውቂያለሽ?» ብሎ ቀለደብኝ። እኔም በጥርሴ መሀል ሳቅሁ። ምች ነው ተባለና ዳማከሴ ታሸልኝ። በማግስቱ አንገቴም ደረቀ።

አያ ታከለ ጎንደር ቅዳሜ ገበያ አጠገብ ራዲዮ ይጠግናል። ከስድስተኛ ክፍል ካቆምኩ ወዲህ አብሬው እሠራለሁ። በትርፍ ሰዓቴ ከወዳደቀ ዕቃ የኤሌክትሪክ ጊታር እሠራ ነበር። የኤሌክትሪኩን የመረጥኩት ከማጉያ ጋር ካልተያያዘ ድምፁ ከክፍል ስለማይወጣ ነው፤ ሰው ሳይሰማኝ መለማመድ ፈለግሁ። አንገቱን ከተሰበረ ጊታር፣ ማግኔቱን ከተቃጠለ ስፒከር፣ ቀጭኑን የመዳብ ሽቦ ከማይሠራ ትራንስፎርመር አገኘሁ። ለአካሉ የሚሆን የዋንዛ ሳንቃ ወንድሜ ከድብ ባሕር አመጣልኝ፤ አጎታችን ያፈረሰው የበረት መዝጊያ ነው። «ሸጋ ሳንቃ ነው» አለኝ። ሚስማሮቹን ስነቅል አንዱ ዝገት የበላው መዳፌን ወጋኝ። ብዙ አልደማም። ሱቃችን ውስጥ እንደለመድነው ግሪስ ቀብቼ በጨርቅ አሰርኩት። ለማንም አልነገርኩም። መንጋጋዬ የደረቀው ከስምንት ቀን በኋላ ነው።

ሆስፒታል ሐኪሙ መዳፌን ገልብጦ አየ።

«ይሄ ምች አይደለም። ቴታነስ ነው፤ መንጋጋ ቆልፍ የምትሉት። ክትባቱን ወስዳለች?»

ወንድሜ አላውቅም አለ። እኔ አውቃለሁ። መናገር አልቻልኩም።

ጨለማ ክፍል አስገቡኝ። ቁስሉን ቆርጠው አጠቡት። የመርዙን ማርከሻ አንቲቶክሲን ወጉኝ። ተሕዋሲውን የሚገድለውን ሜትሮኒዳዞልና ጡንቻ የሚያላላውን ዲያዜፓም ሰጡኝ። በአፍንጫዬ የምግብ ቱቦ ገባ።

ከዚያ ሰውነቴ ይገተር ጀመር። በር ሲዘጋ ጀርባዬ እንደ ደጋን ይቆለመማል። ማንኪያ ሲወድቅ። ሰው ሲያስል። ትንፋሼ ይቆማል። ራሴን አልሳትኩም። ሁሉን እሰማለሁ። መጮህ አልችልም።

«ድምፅ ጠላቷ ነው» አለው ሐኪሙ። «ስሟን እንኳ እንዳትጠራ።»

ወንድሜ ጫማውን በር ላይ አውልቆ ይገባ ነበር። አፉን በጋቢው አፍኖ ያለቅሳል። እጄን መያዝ አይችልም፤ መነካትም መገተሩን ያስነሣብኛል። አንድ ቀን ከንፈሬ ጠቆረና ኦክስጅን አደረጉልኝ። ያን ጊዜ በሹክሹክታ ለሐኪሙ ሲናገር ሰማሁት።

«ሳንቃውን ያመጣሁላት እኔ ነኝ። እኔ ነኝ የገደልኳት።»

ጥፋቱ የሱ አልነበረም። ሳልነግረው ልሞት ነው ብዬ አሰብኩ።

በሦስተኛው ሳምንት መገተሩ እየራቀ፣ መንጋጋዬም ጣት በሚያስገባ ልክ እየተከፈተ መጣ፤ አጥሚት በማንኪያ መጠጣት ስጀምር ወንድሜን ጠጋ በል አልኩትና የጤና ባለሙያዋ ሴቶችን ልትከትብ ወደ ሰፈራችን በመጣች ጊዜ መጋዘን ውስጥ መደበቄን ነገርኩት። የግቢው ሴቶች ክትባቱ ለነፍሰ ጡር ነው ይሉ ስለነበር፣ ሳላገባ ሰልፍ ላይ ብታይ ያሙኛል ብዬ ፈርቼ ነበር።

«ምነው እኔን አልጠየቅሽኝም?» አለኝ። ስንት ሌሊት ያንን ሳንቃ ሲረግም እንዳደረ የዚያን ቀን ነገረኝ።

ዛሬም በር ሲላተም እደነግጣለሁ። ጣቶቼ ማግኔቱ ላይ ቀጭኑን ሽቦ ለመጠምጠም አይታዘዙኝም፤ ጊታሩ እንደ ጅምሩ ተቀምጧል። የበሩ መቀርቀሪያ ድምፅ እንዳያሰማ ጨርቅ የጠመጠመችበትን ነርስ እግዚአብሔር ይባርክልኝ። እናንተም አሮጌ ብረትና እንጨት የምትነኩ ሁሉ፣ ቁስሉ ትንሽ ነው ብላችሁ አትለፉት፤ በውኃና በሳሙና አጥባችሁ የዚያኑ ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ። መንጋጋ አልከፈት ሲል ዳማከሴ እየፈለጋችሁ ቀን አታባክኑ።

ይህ በሽታ አንዴ የያዘውን ዳግመኛ ይይዛል ብሎ ሐኪሙ ስላስጠነቀቀኝ ሆስፒታል የጀመርኩትን ክትባት ለመጨረስ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ሆዴን አየት አድርጋ የስንት ወር እርጉዝ እንደሆንኩ ጠየቀችኝ።

«እርጉዝ አይደለሁም» አልኳት፣ ወረፋው ሁሉ እስኪሰማ። «ክትባቱ ላላገባም ነው፤ ልጆችሽን አስከትቢ።»