ወንዝ የወሰደው ስንቅ

ባለፈው ሐሙስ የልጅ ልጄ ቤዛ ትልቅ የጀርባ ቦርሳ አዝላ ልትሰናበተኝ መጣች። «አባባ፣ ከጓደኞቼ ጋር ወንዝ ዳር ለዳር በእግር ሄደን አድረን ልንመለስ ነው» አለችኝ። ስንቁን ማን እንደሚይዝ ጠየቅኋት። ሳቀች። እኔ ግን የምሬን ነበር።

ጊዜው የጃንሆይ ዘመን መጨረሻ ነው፤ እኔ የአሥራ ሰባት ዓመት የኮልፌ ልጅ። ክረምቱ ወጥቶ ትምህርት ሊከፈት ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ አራት ጓደኛሞች ከአስኮ ተነስተን ወንዙን ሽቅብ ልንከተል፣ አድረንም ልንመለስ ተማከርን። ታላቃችን ተስፋዬ መሪ ሆነ። ግርማ ብርድ ልብሶቹን ተሸከመ። ስንቁን የያዘው ከድር ነበር፤ የጎረቤታችን የጨርቅ ነጋዴው ልጅ፣ ንግግር የማያበዛ። የእናቱ ዳቦ፣ የእናቴ በሶ፣ የግርማ እናት ቆሎ፣ ሁሉም በእሱ ከረጢት ውስጥ ነበር።

የመስከረም መንገድ ሁለት መልክ አለው። ሜዳው በአደይ ቢጫ ሆኗል፣ ከማሳው የባቄላ አበባ ሽታ ይመጣል፤ ከሥር ግን ጭቃው ገና አልደረቀም፣ ጫማ ላይ እየተለጠፈ ያንገላታል። እኛ ምን ቸገረን፤ እየዘፈንን ሄድን።

ከሰዓት በኋላ ወንዙን ልንሻገር ስንል ዝናብ ወረደብን። ተስፋዬና ግርማ ቀድመው ተሻገሩና ዛፍ ሥር ለመጠለል ሮጡ። ከድር ከረጢቱን ውሃ እንዳይነካው በአንድ እጁ ከፍ አድርጎ፣ ሌላውን ዘረጋልኝ።

«እጄን ያዝ፤ ድንጋዩ ያንሸራትታል።»

«ሕፃን ነኝ እንዴ?» ብዬ አለፍኩት።

መሃል ላይ ስደርስ እግሬ ከዳኝ። ውሃው ጠልፎ ሲወስደኝ ከድር ከረጢቱን ለቆ በሁለት እጁ ኮሌታዬን ያዘና ጎትቶ አወጣኝ። ዳር ደርሰን ዞር ስንል ከረጢቱ በደፈረሰው ውሃ ላይ እየተገለባበጠ ይሄዳል።

«ስንቃችንስ?» ብሎ ጮኸ ተስፋዬ። «ምን አደረግኸው?»

ሁላችንም በዝናቡ ስለበሰበስን የእኔ መውደቅ አልታወቀም። ከድር ወደ እኔ አየ። እኔ ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ክር ማሰር ጀመርኩ።

«አመለጠኝ» አለ ከድር።

ረሃቡ በጠና ቁጥር ሁለቱ ይወርዱበት ጀመር። «አንተን ብሎ ስንቅ ያዥ!» አለው ግርማ እንኳ፣ ያ ሰው ማስቀየም የማይወደው ልጅ። አሁን እናገራለሁ፣ አሁን እናገራለሁ እያልኩ ሄድኩ። በዘገየሁ ቁጥር ደግሞ እየከበደኝ መጣ።

ሊመሽ ሲል አንድ ገበሬ ከብቶቻቸውን ሲያስገቡ አገኘን። አማርኛቸው ጥቂት፣ የእኛም ኦሮምኛ ጥቂት፤ ሆኖም ረሃብ አስተርጓሚ አይፈልግም። ባለቤታቸው ቅቅል ድንችና ትኩስ ወተት አቀረቡልን። ልብሳችን እሳት ዳር እየተነነ በላን። ከድር ድንቹን እየላጠ አስቀድሞ ለተስፋዬ ይሰጠው ነበር፣ እንደ በደለኛ ሰው። ያን ማየት ከስድቡ ሁሉ ባሰብኝ።

ጠዋት ባለቤቶቹን አመስግነን ስንወጣ ተናገርኩ። «ስንቁ የጠፋው በእኔ ነው። ወንዝ ውስጥ ወድቄ እኔን ሲያወጣ ነው የለቀቀው።»

ተስፋዬ አፍሮ የከድርን ትከሻ ያዘ። ከድር ግን ትክ ብሎ አየኝ።

«ትናንት ሲርበን ነበር መናገር። ዛሬማ ጠግበናል።»

እስከ አስኮ ድረስ ሌላ ቃል አልተነፈሰም። በሳምንቱ ግን ደጃችን መጥቶ ለኳስ ጠራኝ፤ ነገሩ በዚያው ያለቀ መሰለኝ።

ይህን ለቤዛ ስነግራት፣ «ታዲያ ጋሽ ከድርን ይቅርታ ሲጠይቋቸው ምን አሉዎት?» አለችኝ።

እውነቱን ተናገርኩ እንጂ ይቅርታ አልጠየቅሁትም። ከሃምሳ ዓመት በላይ አብረን ስንኖር፣ ሰርግም ለቅሶም አብረን ስንውል፣ አንድ ቀን አልጠየቅሁትም።

እሷ እንደወጣች ደወልኩለትና ይቅርታ ጠየቅሁት። መጀመሪያ ሳቀብኝ።

«ስድቡ አልነበረም የከፋኝ» አለ ከዚያ። «ሳይህ ዓይንህን ስለሰበርክ ነው።»

ጊዜ ራሱ ስለ እኔ ይቅርታ የጠየቀልኝ ይመስለኝ ነበር። ለካ ጊዜ በማንም ፈንታ አይናገርም። እሑድ ቤቱ ሄጄ፣ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ ይቅርታዬን እደግመዋለሁ።