ከሥሩ ድንች ያፈራው ቲማቲም

እቴነሽ ሙላቴ ዕድሜዋን ሙሉ ድንች ስትተክል የኖረች ሴት ናት። ከደብረ ታቦር ቁልቁል በባጃጅ ተወርዶ፣ ከወንዙ ዳር ባለችው ጓሮዋ ቲማቲም የጀመረችው ባሏ ካረፈ ወዲህ ነው፤ መስኖው ገና አዲስ ሳለ። የድንች ልማድ ሆኖባት ማንኛውንም ተክል ስታይ ዓይኗ ከቅጠሉ ይልቅ ሥሩን ይሻል።

አንድ ቀን ታዲያ የጠወለገ ቲማቲም ነቅላ ብታይ፣ ሥሩ ላይ አተር አተር የሚያህል እብጠት ተደርድሯል። እልል አለች!

ጎረቤቷ ይሻው እልልታውን ሰምቶ አጥሩ ላይ ተንጠላጠለ።

"ምን አገኘሽ?"

"የምቀኛ ዓይን አይይብኝ እንጂ፣ ከላይ ቲማቲም ከታች ድንች!"

"ዘሩን ለእኔም በይ እንግዲህ።"

"ጠባይህን አይቼ!"

የግብርና ሠራተኛዋ ዓይናለም ለሙከራ የሰጠቻት ሌላ ዝርያም በአንድ መደብ ላይ ነበር። ከዚያ አንዱን ብትነቅል ሥሩ ንጹሕ ነው፤ አንዲት እብጠት የለበትም። "መካን!" አለች። መደቡን ነቅላ ልትጥል፣ የመጪውን ዓመት ዘርም ካበጠው ብቻ ልትይዝ ቆረጠች። የሚያኖራት ያው ጓሮ ነው፤ ሌላ የላትም።

ሦስተኛውን ስትነቅል ዓይናለም ደረሰች።

"ኧረ ይተዉ እማማ! ምን ሆነው ነው?"

"ድንች እንቢ አለኝ።"

ልጅቱ ሥሩን አይታ ሳቋን ዋጠች። "ድንች አይደለም እኮ። በዓይን የማይታይ ትል ነው፣ ሥሩ ውስጥ ቤት ሠርቶ ያሳበጠው። ቀላቢው ተክሉ ነው፤ የጠወለገውም ለዚህ ነው።"

"ይኸኛውንስ ናቀው?"

"ምን ይንቀዋል፣ ይገባበታል። ግን ይህ ተክል ትሉ የነከሰውን የገዛ ገላውን ያደርቀዋል። ትሉም የሚበላው አጥቶ ይሞታል።"

እቴነሽ ዶማዋን ጥላ ቁጭ አለች። የባሏ ወንድም ካሳሁን ትዝ አላት። ለሦስት ቀን ብሎ መጥቶ ሦስት ወር ቢከርምባት፣ የገዛ ምድጃዋን አጥፍታ፣ ሁለት ቀን ጦሟን ውላ ነበር ወደ እብናት የሸኘችው።

"አይ አንተ! ለካ እንደኔ ነህ!" አለችው ቲማቲሙን። ሦስቱንም መልሳ ተከለች፣ ውሃ አጠጣች፣ ይቅርታም ጠየቀች። ሁለቱ ጸደቁ። የዚያ ዓመት ዘርም ከንጹሖቹ ተያዘ።

ይሻው ግን አላመነም። "ድንቹን ደበቅሽብኝ" ብሎ አኮረፈ። ቢቸግራት እብጠቱን አጥባ፣ ቀቅላ አቀረበችለት። አላምጦ፣ አላምጦ ተፋው።

"ክፉ አይደለም፤" አለ አፉን እየጠረገ፣ "ጨው ነው ያነሰው።"